ፍጥነት ሲጨምር የሚርገፈገፍ መኪና፦ ዳዶ ሳይፈታ የሚጀመር ፍተሻ

መኪናው ከተማ ውስጥ ምንም አይታይበትም። ሐርቡን አልፎ የጨፋ ሜዳ ሲዘረጋ ግን 80 ላይ መሪው እጅ ውስጥ መርገፍገፍ ይጀምራል፣ 90 ላይ የጎን መስታወቱ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ሲጨመርበት ደግሞ መልሶ ረጋ ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ጎማ ቤት ገብቶ «ባላንስ ሥሩልኝ» (የጎማው ክብደት ዙሪያውን ይስተካከል) ይላል። ካልተሻለው አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ)፣ ከዚያ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት መሽከርከሪያ)፣ ከዚያ ትራስሚሽን (ኃይል ወደ ኋላ እግር የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ) እያለ መለዋወጫ መደብሩን ይዞራል። ገንዘቡን የሚበላው ፍለጋው ከመጨረሻው መጀመሩ ነው። ንቅጥቅጡ በስንት ፍጥነት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚሰማና ምን ሲደረግ እንደሚለወጥ አስቀድሞ ከተያዘ፣ ሊፈታ ከነበረው ዕቃ አብዛኛው ሳይነካ ይቀራል።

በቀስታ ሲሄድ የማይሰማው ለምንድን ነው? ጎማ ላይ በአንድ ጎን የቀረ ክብደት መኪናውን የሚንጥበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። 13 ቁጥር ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ያለው ትንሽ የቤት መኪና ጠርዙ ላይ 30 ግራም ቢበዛበት በ45 ኪሎ ሜትር የሚፈጠረው ኃይል አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ በ90 ግን ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል፣ ያውም በሴኮንድ 14 ጊዜ ያህል እየደጋገመ። የመሪውና የእግሩ አካላት በተፈጥሯቸው የሚወዛወዙበት ምት ከዚህ ጋር ሲገጥም ነው መርገፍገፉ ጎልቶ የሚወጣው። ፍጥነቱ ከዚያ ሲያልፍ ምቱ ስለሚለያይ ረጋ ያለ ይመስላል እንጂ ክብደቱ የትም አልሄደም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ የንፋስ መለኪያ፣ ጠመኔ፣ ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍ (ለአብዛኞቹ የቶዮታ ቤት መኪኖች 21 ቁጥር)፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ ሁለት የእንጨት ጉማጅ ወይም ደህና ድንጋይ ለጎማ መደገፊያ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።

1. ከመንገድ በፊት፦ ጭቃ፣ ንፋስ፣ ዳዶ

ወሎ ውስጥ ከክረምት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጭቃ ነው። ከተንታም ይሁን ከወረኢሉ ገጠር፣ ዋልካ አፈር ያለበትን ኮረኮንች ረግጦ አስፋልት የወጣ መኪና በቸርኬው ውስጠኛ ጎን፣ ከውጭ በማይታየው በኩል፣ ጭቃ ይዞ ይወጣል። እርጥብ ሳለ ዙሪያውን ስለሚለጠፍ ብዙም አያስታውቅም። ሲደርቅ ግን ግማሹ ተፈርክሶ ይወድቅና ግማሹ እንደ ጡብ ተጣብቆ ይቀራል። «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው?» የሚባለው ለዚህ ነው። መዳፍ የሚያህል ደረቅ ጭቃ ከ100 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ይህ በ90 ኪሎ ሜትር ከ12 ኪሎ የማያንስ ምት ማለት ነው።

ላቫጆ ማስገባት ብቻውን አይበቃም። አጣቢው የሚያጥበው የሚታየውን ፊት ነው። መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ እጃችሁን ከጀርባ በኩል ወደ ቸርኬው ጎድጓዳ አስገቡና ዙሪያውን ዳስሱ፤ ጭቃ ካለ በካቻቪቴ ፈርፍራችሁ በውኃ አጠቡት። የኋላውን ጎማ ግን ካልፈቱት በደንብ አይገኝም፤ እንደ ኃይሩፍ ያለ ሚኒባስ ከሆነ ደግሞ ስኮርቱን (ትርፍ ጎማውን) ጭምር እዩ፤ የተበላሸውን ጎማ ቀይራችሁ እሱን ስትገጥሙ ከነጭቃው ነው የምትገጥሙት። በኋላ እግሩ ድርብ ጎማ ባለው አይሱዙ ላይ በሁለቱ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ፈልጉ። ድንጋዩ መንቀጥቀጡን ከማምጣቱም በላይ የሁለቱንም ጎማ ጎን ይበላል።

ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ፣ ማለትም መኪናው ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ ለኩ። ልኩ የሚገኘው በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ነው፤ ጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የመኪናው ልክ አይደለም። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ልኩ ይዛባብኛል ብሎ መጨነቅ አያስፈልገውም። ወደ ደሴ ሲወጣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ (PSI) ያህል ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ የደሴ ብርድ ደግሞ በየ10 ዲግሪው አንድ ተኩል ያህል መልሶ ይቀንሰዋል። ሁለቱ ይካካሳሉ። ጎማው ሞቆ ከፍ ያለውን ንፋስ ማስተንፈስ ግን ስህተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ይወርዳል፣ የላላ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፣ መጨረሻው መፈንዳት ነው።

ከዚያ ዳዶዎቹን፣ ማለትም የጎማ ማሰሪያዎቹን፣ በቁልፍ ሞክሩ። የላላ ዳዶ ልክ እንደ ባላንስ ጉድለት ይርገፈገፋል፤ ልዩነቱ በየቀኑ እየባሰ መሄዱና በዝቅተኛ ፍጥነትም መሰማት መጀመሩ ነው። ጎማ ተቀይሮ በማግሥቱ የመጣ መንቀጥቀጥ ከሆነ ሌላ ሳትፈልጉ ይህን እዩ። በዳዶው ዙሪያ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ወይም የተንሻፈፈ የብሎን ቀዳዳ ካገኛችሁ መኪናው ከቆመበት አይነሳ።

ጎማውን በዓይንም በእጅም መርምሩ። ጎኑ ላይ ያበጠ፣ ጥርሱ በአንድ ቦታ ከፍ ብሎ የተነሳ ወይም ወደ ጎን የተጣመመ ካለ ውስጡ ያለው ሽቦ ተላቋል ማለት ነው። ይህን ባላንስ አያድነውም። በዚህ ጎማ የሙከራ ጉዞ አይደረግም፤ ስኮርቱን ግጠሙ። ዕድሜውን ለማወቅ ጎኑ ላይ ያለውን የመጨረሻ አራት አኃዝ አንብቡ፦ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። መደብር ውስጥ «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ላይም ይህን ማንበብ አይከፋም።

2. የሙከራው መንገድ

ቀጥ ያለ፣ ሜዳና ለስላሳ አስፋልት ያስፈልጋል። ሐረጎ (የደሴና የኮምቦልቻ ቁልቁለት) ላይ ምንም አይሞከርም፤ መጠምዘዣው ራሱ መኪናውን ስለሚያወዛውዝ የምትሰሙት ሁሉ ያሳስታል፣ አደጋውም ሌላ ነው። ከሐርቡ ወደ ከሚሴ ያለው ሜዳ ወይም ከወልድያ ወዲያ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የሚወስደው ቀጥታ ይሻላል። ሁለቱም ጋ ከብትና ግመል ስለሚሻገር ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሂዱ። የባቲን መንገድ የመረጠ ሰኞን ይተው፤ ገበያ ነው።

ሁለት ሰው ሁኑ፤ አንዱ ይንዳ፣ አንዱ ይጻፍ። መጀመሪያ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በመካከለኛ ፍጥነት ተጓዙ። ለሳምንታት የቆመ መኪና ጎማው በቆመበት በኩል ጠፍጥፎ ስለሚያድር፣ ሳይሞቅ ያለው መንቀጥቀጥ ውሸት ሊሆን ይችላል። ከሞቀ በኋላ፣ የመንገዱ ሕግ የሚፈቅደውን ሳታልፉ፣ 60 ላይ፣ 70 ላይ፣ 80 ላይ፣ 90 ላይ ለ10 ሴኮንድ ያህል እየያዛችሁ የት እንደጀመረና የት እንደባሰ ጻፉ። በጣም የባሰበትን ፍጥነት ካገኛችሁ በኋላ በዚያው ፍጥነት እነዚህን አድርጉ፦

ሀ. ነዳጁን እያስረገጣችሁ ያዙ፣ ከዚያ እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አንሱ። ነዳጅ ሲሰጠው ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥርጣሬው ከጎማ ወጥቶ ኃይል ወደሚያስተላልፉት ዘንጎች ይሄዳል።

ለ. በዚያው ፍጥነት ማርሹን በአንድ ዝቅ አድርጉ። ፍጥነቱ ሳይለወጥ የሞተሩ ዙር ብቻ ጨመረ ማለት ነው። መንቀጥቀጡ አብሮ ከተለወጠ ምንጩ ሞተር ወይም ፍሪሲዮን ነው፤ ቅንጣት ካልተለወጠ ከካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ወደ ጎማው በኩል ያለ የሚሽከረከር አካል ነው።

ሐ. ሜዳ ላይ ብቻ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት፣ ለጥቂት ሴኮንድ ማርሹን ባዶ አድርጉ። ሞተሩ አይጠፋም፤ ሞተር ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደነድናል። ባዶ ማርሽ ላይም ከቀጠለ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት) ወይም ትራስሚሽን ነው። ቁልቁለት ላይ ይህን የሚሞክር ካለ ያስቁሙት።

መ. ከ80 እስከ 40 ድረስ ፍሬኑን በልዝቡ ያዙ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ወደ አምስተኛው ክፍል ዝለሉ።

3. የሰማችሁትን ማንበብ

መሪው ግራና ቀኝ እየተመላለሰ የሚርገፈገፍ ከሆነ ነገሩ ከፊት እግር ነው። መሪው ረግቶ መቀመጫውና ወለሉ የሚናጥ ከሆነ ከኋላ እግር ነው። ምቱ ሊቆጠር የሚቀርብ፣ ዘገም ያለ መርገፍገፍ ከጎማ ዙር ጋር የሚሄድ ነው። እንደ ስልክ ንዝረት ቶሎ ቶሎ የሚነዝር፣ እግር ሥር ወለሉን የሚያሳክክና «እምምም» የሚል ድምፅ ያለው ግን ከጎማው በሦስትና በአራት እጥፍ ከሚዞረው ትራስሚሽን ይመጣል። በ90 ኪሎ ሜትር የሚኒባስ ጎማ በሴኮንድ 11 ጊዜ ያህል ሲዞር ትራስሚሽኑ ከ45 ጊዜ በላይ ይዞራል። እጅ ይህን ልዩነት ይለየዋል።

መጥቶ የሚጠፋ፣ በየጥቂት ሴኮንዱ ከፍ ዝቅ የሚል መርገፍገፍ አለ። ሰውን ግራ ያጋባል። ይህ የሚሆነው ሁለት ጎማዎች ሁለቱም ጉድለት ሲኖርባቸው ነው። ዙራቸው በጥቂቱ ስለሚለያይ አንዳንዴ ምታቸው ይደራረባል፣ አንዳንዴ ይጠፋፋል። አንዱን ብቻ አሠርቶ «ግማሽ ተሻለው» የሚለው ሰው ያለው ነገር ትክክል ነው፤ ግማሹ ቀርቷል።

አላይመንት ግን እዚህ ውስጥ የለበትም። አላይመንቱ የተዛባ መኪና ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ የጎማውን አንድ ጠርዝ ይበላል፤ በራሱ አያርገፈግፍም። አዎ፣ የበላው ጎማ ውሎ አድሮ ይርገፈገፋል፤ ያኔም ቢሆን አላይመንቱ ተስተካክሎ ያው ጎማ ከቀረ መንቀጥቀጡ አብሮ ይቀራል።

ከጎማ መሆኑን ለማረጋገጥ ርካሹ ዘዴ የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር በዚያው ጎን ማቀያየር ነው። ተቀያይሮ በዚያው መንገድ ሲነዳ መንቀጥቀጡ ከመሪ ወደ መቀመጫ ከተዛወረ ጥፋተኛው ጎማው ወይም ቸርኬው ነው። ካልተነቃነቀ ከቦታው ያለው አካል ነው፦ ሞዞ፣ ዲስክ፣ ኩሽኔታ ወይም የመሪ መገጣጠሚያ።

4. ክሪክ ላይ

ደሴ ውስጥ ሜዳ ቦታ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ፈልጉ። የማይነሱትን ጎማዎች በፊትም በኋላም ደግፉ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም።

ጎማው ከመሬት ሲለቅ ካቻቪቴውን ከጠንካራ ነገር ጋር አስደግፋችሁ ጫፉን ወደ ቸርኬው ጠርዝ፣ ሳይነካው፣ አስጠጉትና ጎማውን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። በቸርኬውና በጫፉ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ እየጠበበ ከሄደ ቸርኬው ተጣሟል። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ጠመኔውን ራሱን ጎማው ጥርስ ላይ ሊነካ አስጠግታችሁ አዙሩት። ክብ ከሆነ ዙሪያውን ይሰመርበታል ወይም ጨርሶ አይነካውም፤ በአንድ ቦታ ብቻ ካሰመረ እዚያ ጋ ከፍ ብሏል። ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ከፍና ዝቅ ያለው ጎማ በክብደት ቢስተካከል እንኳ መንገድ ላይ መዝለሉን አይተውም። ጉድጓድ የመታው የብረት ቸርኬ በመዶሻ ሲቃና ለዓይን ቀጥ ይላል፤ በዚህ ምርመራ ግን ይጋለጣል። እንዲህ ያለውን ወደ ኋላ እግር ማዛወር ከመሪው ያርቀዋል፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ቦታው ቁራሌው ጋ ነው።

ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁት። ጠቅ ጠቅ የሚል ልቅነት ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥና እንደገና ሞክሩ። ፍሬን ሲረገጥ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። ግራና ቀኙን ይዛችሁ ስትነቀንቁ ብቻ የሚመጣ ልቅነት የመሪ ዘንግ ጫፍ ነው። ይህ የላላ መኪና ላይ ትንሽ የባላንስ ጉድለት ጎልቶ ይወጣል፤ ባላንሱ ተሠርቶም በሳምንቱ ይመለሳል። የኩሽኔታ ሌላው መለያ ጉርምርምታ ነው። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ጉርምርምታው ከባሰ የቀኙን ጠርጥሩ፤ ጭነቱ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው።

ጎማው ጥርሱ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ እየጎደጎደ ማዕበል ከሠራ፣ የደከመ አሞርዛቶር (ዝላይ ማርገቢያ) መንገዱ ላይ እያስነጠረው ኖሯል። መጀመሪያ አሞርዛቶሩ፣ ከዚያ ጎማው።

ጎማው ከወጣ አይቀር ሞዞውና ቸርኬው የሚገናኙበትን ፊት በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ አጽዱ። እዚህ ላይ የቀረች የዝገት ቅርፊት ወይም ቀለም ጠርዙ ላይ ስትደርስ ተባዝታ ነው የምትታየው። ሲመለስ ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ጎማው አየር ላይ ሳለ በእጅ እስኪጠጉ፣ መሬት ከነካ በኋላ በቁልፍ አጥብቁ። ለኮሮላና ለቪትዝ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ክንድ ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ቁልፉ ላይ ወጥቶ መዝለል ብሎኑን ይስባል፣ ዲስኩንም ያጣምማል። በአንዳንድ አሮጌ የጃፓን ጭነት መኪኖች የግራ ጎን ዳዶ የሚፈታው በተቃራኒው ስለሆነ ከመታገል በፊት ጥርሱን እዩ።

ባላንስ ማሽኑ ጋ

ጎማ ቤት ስትገቡ ከማሽኑ ይልቅ አሠራሩን ተመልከቱ። ጎማው ሳይታጠብ ማሽን ላይ ከወጣ የሚስተካከለው ጭቃው ነው፤ ነገ ጭቃው ሲወድቅ እርሳሱ (ለባላንስ የሚለጠፈው ክብደት) ይተርፋል። አሮጌዎቹ እርሳሶች በሙሉ ይነሱ። በተደራራቢ እርሳስ የተሸፈነ ቸርኬ ማንም አንዴም ከዜሮ እንዳልጀመረ ያሳብቃል። የውስጥ ቱቦ ካለ፣ ካላማዳሪው (የቀዳዳ ጥገናው) ላይ የተለጠፈው ትልቅ ልጥፍ ራሱ ክብደት ነው፤ ቱቦው ሌላ ቦታ ዞሮ ከገባ ትናንት የተሠራው ባላንስ ይፈርሳል። ስለዚህ ካላማዳሪ ያስለጠፈ ሰው ባላንሱንም አብሮ ያሠራ።

ማሽኑ በሁለቱም በኩል ዜሮ ሲል ሥራው ያለቀ ይመስላል። ገና ነው። «ወንድሜ፣ እስኪ አላላውና ጎማውን ግማሽ ዙር አዙረህ መልሰህ እሰረው፣ ከዚያ አሽከርክርልኝ» በሉት። እንደገና ሲሽከረከር ከ5 ግራም ያልበለጠ ካሳየ አቀማመጡ ትክክል ነበር። 20 ወይም 30 ካሳየ ቸርኬው ማሽኑ ላይ መሐል አልያዘም፤ ኮኑ (መሐል ማስያዣው) አይመጥንም ወይም ቆሽሿል፤ የመጀመሪያው ዜሮ የተገኘው በተጣመመ አቀማመጥ ነው። ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ ስለማይበዛ ጎሚስታው ቅር ሊለው ይችላል፤ ቢሆንም አስደርጉ።

ትንሽ መኪና በአንድ ጎን ከ60 ግራም በላይ ከጠየቀ እርሳስ አትደርድሩ። ጎማው ከቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር ዞሮ እንደገና ይነፋ። የጎማው ከባድ ጎንና የቸርኬው ከባድ ጎን ተደራርበው ከነበር ይለያያሉ፣ የሚፈለገው እርሳስም በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ካልወረደ ጎማው ወይም ቸርኬው ራሱ ነው።

የመኪናው ያልሆነ የአሉሚኒየም ቸርኬ ያስገባ ደግሞ የመሐል ቀዳዳውን ይመልከት። ቀዳዳው ከሞዞው ሰፍቶ ከተረፈ መሐል የሚያስይዝ ቀለበት ያስፈልገዋል። ቀለበቱ ከሌለ ማሽን ላይ ዜሮ የሆነው ጎማ መኪናው ላይ ይርገፈገፋል፤ በየጊዜው ዳዶ ሲፈታና ሲታሰርም ጠባዩ ይለዋወጣል።

5. ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ

ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን እግሩን ፍሬን ላይ ጥሎ የሚወርድ ሹፌር ይህን ችግር በእጁ ያመጣዋል። ዲስኩ ይግላል፣ የሸራው (ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬን አካል) ዱቄት በሙቀት ቀልጦ በዲስኩ ፊት ላይ እዚህም እዚያም ይለጠፋል። ታች ደርሶ ፍሬኑን ረግጦ ከቆመ ሸራው ባረፈበት ቦታ አሻራውን ያትማል። አንዳንዱ ደግሞ እንደወረደ ቀጥታ ላቫጆ ገብቶ በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያስረጫል። «ዲስኩ ተጣመመ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ያልተስተካከለ ልጥፍና የውፍረት ልዩነት ነው። መቶኛ ሚሊ ሜትሮች ይበቁታል፤ ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ሲለያይ እግር ይሰማዋል።

መሪው ከተንቀጠቀጠና ፔዳሉ እግር ሥር ከተመላለሰ የፊት ዲስክ ነው። መሪው ረግቶ ወንበሩ ከተናጠ የኋላ ታምቡር ነው። ለማረጋገጥ ባዶና ደረቅ ሜዳ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር የእጅ ፍሬኑን ቁልፏን እንደጫናችሁ በጥቂቱ ሳቡት፤ ከተናጠ ኋላው ነው። በኃይል ሲረገጥ ብቻ የሚመጣው ትርክክታ ግን ፀረ መንሸራተት (ABS) ያለው መኪና የራሱ ሥራ ስለሆነ አትፍሩት።

ዲስኩ በስምንት ቦታ በማይክሮሜትር ይለካ። ጠርዙ ላይ ወይም መሐሉ ላይ የተቀረጸ ዝቅተኛ ውፍረት አለ። ቶርኖ ቤት ከተላጨ በኋላ ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ አይላጭ፣ ይቀየር። የቀጠነ ዲስክ ሙቀት አይችልም፤ ሐረጎ ላይ በሁለተኛው ቀን መልሶ ይንቀጠቀጣል። ከታሰረ በኋላ ወዲያና ወዲህ ማለቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ዲስኩን ከመወንጀል በፊት ፈታችሁ ሞዞው ላይ ያለውን ዝገት አጽዱና በሌላ ቀዳዳ አዙራችሁ እሰሩት፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ይድናል። ያረጀው ሸራ በተላጨ ዲስክ ላይ ከተመለሰ ፊቱ በሙቀት ስለጠነከረ ያው ችግር ይደገማል፤ አዲስ ይግባ።

አዲስ ሸራ ቁልቁለት ላይ አይፈተንም። ሜዳ ላይ ከ60 ወደ 20፣ ሳይቆም፣ አሥር ጊዜ ያህል በመካከሉ እያቀዘቀዙ መያዝ ነው የሚያለምደው። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት የሚወረደው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘው፣ ፍሬኑ ደግሞ በየመሐሉ ጠንከር ተደርጎ እየተያዘ ሙሉ በሙሉ እየተለቀቀ ነው።

6. ወለሉ የሚነዝር ከሆነ፦ ትራስሚሽን

ይህ የሚመለከተው በኋላ እግር የሚሳቡትን፣ ማለትም ሚኒባሶችን፣ ፒክአፖችንና አይሱዙዎችን ነው። ጎማዎቹ ተደግፈው፣ ማርሽ ባዶ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተለቆ ከሥር ግቡ፤ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ወይም ግራሶ ቤት ቢሆን ይመረጣል። ዘንጉን በአንድ እጅ፣ ወደ ዲፈረንሻል የሚገባውን ሹካ በሌላው ይዛችሁ በተቃራኒ ጠምዝዙ። በመካከላቸው፣ ክሮቸራው (የዘንጉ መታጠፊያ መስቀል) ላይ፣ ምንም ልቅነት ሊኖር አይገባም። በክሮቸራው ቆብ ዙሪያ ቡና የመሰለ ደረቅ ዱቄት ካያችሁ መርፌዎቹ ግራሶ አጥተው እየተፈጩ ነው። የግራሶ መቀበያ ካለው ግራሶው በአራቱም ቆብ እስኪወጣ ይሰጠው፤ ሦስቱ ወጥተው አንዱ እምቢ ካለ አራተኛው ሞቷል።

ሁለት ክፍል ያለው ትራስሚሽን መሐሉ ላይ በጎሚኒ (ላስቲክ) የታቀፈ ኩሽኔታ አለው። ጎሚኒው ሲበጠስ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይንዘፈዘፋል፣ በከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ ይነዝራል። ዘንጉን ወደ ላይ ገፍታችሁ ስታዩት ጎሚኒው ተቀዶ ከተንጠለጠለ መልሱ ተገኝቷል።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ግን ጥገናው ላይ ነው። ክሮቸራ ለመቀየር ትራስሚሽኑ ሲወርድ በየመገጣጠሚያው ሁለቱንም ወገን የሚያያይዝ ምልክት በቀለም ወይም በመሮ ካልተደረገ፣ ተንሸራታቹ ጥርስ በሌላ ቦታ ሊገባ ይችላል። የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር መተያየት አለባቸው። ካልተያዩ የአንዱ ክሮቸራ መወላገድ በሌላው አይካካስም፣ ዘንጉም በየዙሩ እየፈጠነ እየዘገየ ይሄዳል። «ክሮቸራ አስቀይሬ ባሰበት» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ቀጥሎ ዘንጉ ላይ የተበየደች ትንሽ የባላንስ ብረት የወደቀችበት ቦታ፣ በድንጋይ የተቀጠቀጠ ጎድጓዳ፣ ወይም የደረቀ ጭቃ መኖሩ ይታያል። ኮረኮንች ላይ የሚውል መኪና ሦስቱንም አያጣም።

ጭነት ሲጫን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ባሌስትራውን (ጭነት የሚሸከሙትን ተደራራቢ ብረቶች) እዩ። መሐሉን የሚይዘው ብሎን ከተቆረጠ ወይም አቃፊዎቹ ከላሉ የኋላው እግር ይንሸራተታል፣ የዲፈረንሻሉም አንግል ይዛባል።

በፊት እግር የሚሳቡት ቤት መኪኖች ላይ የዚህ አምሳያ የውስጠኛው ሲቪ ጆይንት (የጎማ ማዞሪያው ዘንግ መታጠፊያ) ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ሆዱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይናጣል፣ እግር ሲነሳ ወዲያው ይረጋል። ጎሚኒው ተቀዶ ግራሶው ቸርኬው ላይ ተረጭቶ ከተገኘ አሸዋ ገብቶበታል። ከውጭ በኩል ያለው ሲቪ ሲሞት ግን የሚታወቀው ሲታጠፍ በሚሰማው ቀጭ ቀጭ ነው።

የሞተርና የካምቢዮ ሱፖርቶ (የላስቲክ መደገፊያ) መበጠስ ከፍጥነት ይልቅ ከዙር ጋር ስለሚሄድ ቆሞ ሲረገጥ ይጋለጣል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት፣ በወረቀቱ ላይ ባሉት ፍጥነቶች ደግማችሁ ሂዱ። ትልቁ ሲጠፋ በሥሩ ተሸፍኖ የነበረ ትንሽ መንቀጥቀጥ ብቅ ሊል ይችላል። ያኔ ከክፍል 2 ጀምሩ፤ አዲስ ጥፋት ነው ብላችሁ የተሠራውን አታስፈቱ። ጎማ የተፈታበት ሥራ ከሆነ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ዳዶዎቹን መልሳችሁ አጥብቁ፤ ከደሴ የተነሳ መርሳ ሳይደርስ ማለት ነው።